የፖዚትሮኒየም መፍረስ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን

የፖዚትሮኒየም መፍረስ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማለት ፖዚትሮኒየም የተባለው ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነ ጥንድ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ምን ያህል እንደሚቆይና ሲፈርስ የሚለቃቸው ፎቶኖች ወዴት እንደሚሄዱ በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት ነው። ስሌቱ በይበልጥ የሚያገለግለው ፔት ለተባለው የሕክምና ምስል መሣሪያ ምርምር ነው። የተለመደው ፔት ለታማሚው የተሰጠው ጨረር አመንጪ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የት እንደተከማቸ ያሳያል። አዲሱ ሐሳብ ደግሞ ፖዚትሮኒየሙ ከመፍረሱ በፊት የቆየበትን ጊዜ በመለካት ስለ ሕብረ ሕዋሱ ተጨማሪ መረጃ ማግኘት ነው። ይህ ጊዜ ጥቂት ናኖ ሰከንድ (አንድ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው) ብቻ ነው። በታመመና በጤናማ ሕብረ ሕዋስ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የተለካው ልዩነት ከሰውነቱ የመጣ ይሁን ከመሣሪያው ለመለየት ሲሙሌሽን የግድ ያስፈልጋል።

ፖዚትሮኒየም ምንድን ነው?

ፖዚትሮን የኤሌክትሮን ጸረ ቁስ ነው። ክብደቱ ከኤሌክትሮን ጋር እኩል ሲሆን የኤሌክትሪክ ቻርጁ ግን ተቃራኒ፣ ማለትም ፖዘቲቭ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል አንደርሰን ከኅዋ የሚመጡ ጨረሮችን ሲያጠና እ.ኤ.አ. በ1932 አገኘው። ፖዚትሮንና ኤሌክትሮን ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ክብደታቸውም ወደ ጋማ ፎቶኖች ጉልበት ይለወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚወጡት ሁለት ፎቶኖች ናቸው። እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ይበራሉ። ፔት ምስል የሚሠራው እነዚህን ሁለት ፎቶኖች በአንድ ጊዜ በመያዝና በመካከላቸው መስመር በመሳል ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ሁልጊዜ ወዲያው አይጠፋፉም። አንዳንዴ አንዱ ሌላውን ይዞ ለአጭር ጊዜ እንደ አቶም ይኖራሉ። ይህ ጥንድ ፖዚትሮኒየም ይባላል። ከሃይድሮጅን ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በፕሮቶኑ ቦታ ፖዚትሮን መግባቱ ነው። ጥንዱን አስሮ የያዘው ጉልበት 6.8 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን ይህም የሃይድሮጅን ግማሽ ነው። እንዲህ ያለ ጥንድ ሊኖር እንደሚችል ክሮኤሺያዊው ስቴፓን ሞሆሮቪቺች እ.ኤ.አ. በ1934 ጽፎ ነበር። በሙከራ ያረጋገጠው ግን ማርቲን ዶይች ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1951 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር።

ፖዚትሮኒየም ሁለት ዓይነት ነው። የኤሌክትሮኑና የፖዚትሮኑ ስፒን ተቃራኒ ሲሆን ፓራ ፖዚትሮኒየም ይባላል፤ አማካይ ዕድሜው 0.125 ናኖ ሰከንድ ሲሆን ወደ ሁለት ፎቶኖች ይፈርሳል። ስፒናቸው አንድ አቅጣጫ ሲይዝ ደግሞ ኦርቶ ፖዚትሮኒየም ይባላል። ይህኛው ወደ ሁለት ፎቶኖች መፍረስ አይችልም። ወደ ሦስት ስለሚፈርስም አዝጋሚ ነው፤ በባዶ ሥፍራ አማካይ ዕድሜው 142 ናኖ ሰከንድ ነው። አንድ ፓራ ሲፈጠር በአማካይ ሦስት ኦርቶ ይፈጠራል።

ለሕክምና የሚጠቅመው ኦርቶው ነው። በሰውነት ውስጥ 142 ናኖ ሰከንድ የመኖር ዕድል አያገኝም። በሞለኪውሎች መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ተይዞ ሳለ ፖዚትሮኑ የራሱን ኤሌክትሮን ትቶ ከጎረቤት ሞለኪውል ኤሌክትሮን ጋር ይጠፋፋል። በዚህም የተነሳ ዕድሜው ያጥራል። በውሃ ውስጥ 1.8 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። ክፍተቱ ሰፋ ሲል ፖዚትሮኑ ከጎረቤት ኤሌክትሮኖች ጋር የሚገናኝበት ዕድል ስለሚቀንስ ዕድሜው ይረዝማል፤ ሲጠብ ያጥራል። በክፍተቱ ስፋትና በዕድሜው መካከል ያለውን ዝምድና የሚገልጸው ስሌት በሁለት ተመራማሪዎች ስም የታኦ እና ኤልድሩፕ ሞዴል ይባላል። በአካባቢው የሟሟ ኦክስጅንም ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ሆኖም ለውጡ በአስሮች ፒኮ ሰከንድ የሚቆጠር ትንሽ ነገር ነው (1000 ፒኮ ሰከንድ አንድ ናኖ ሰከንድ ይሆናል)። ተመራማሪዎችን የሳበው ይህ ነው፦ የሕብረ ሕዋሱ የሞለኪውል አወቃቀር ወይም የኦክስጅን መጠን በበሽታ ምክንያት ሲለወጥ ዕድሜውም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

ዕድሜው እንዴት ይለካል?

ዕድሜን ለመለካት መነሻና መድረሻ ያስፈልጋል። መድረሻው ግልጽ ነው፤ መጠፋፋቱ የሚለቃቸው ፎቶኖች ናቸው። መነሻው ግን ችግር አለበት፤ ምክንያቱም ፖዚትሮን ሲወለድ በራሱ ምልክት አይሰጥም። መፍትሔው ፖዚትሮን ከለቀቀ በኋላ ወዲያውኑ ሌላ ጋማ ፎቶን የሚለቅ አይሶቶፕ መጠቀም ነው። ለምሳሌ ሶዲየም 22 ፖዚትሮን ከለቀቀ በኋላ 1275 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፎቶን ይለቃል። ይህ ፎቶን ሰዓቱን ያስነሳል፣ የመጠፋፋቱ ፎቶኖች ያቆሙታል። ዶይችም በ1951ቱ ሙከራው የተጠቀመው ይህንኑ አይሶቶፕና ይህንኑ ሐሳብ ነበር።

በሆስፒታሎች በስፋት የሚሠራበት ፍሎሪን 18 ይህን መነሻ ፎቶን አይለቅም። ስለዚህ ለፖዚትሮኒየም ዕድሜ ምስል አያገለግልም። ሶዲየም 22 ደግሞ ግማሽ ዕድሜው 2.6 ዓመት ስለሆነ ለታማሚ የሚሰጥ አይደለም፤ ለቤተ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎች ተስፋ የጣሉበት ስካንዲየም 44 ግማሽ ዕድሜው አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን ከፖዚትሮኑ ጋር 1157 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፎቶን ይለቃል። በሕክምና የተለመደው ጋሊየም 68ም መነሻ ፎቶን አለው፤ ነገር ግን ከመቶ ፍርሰት በሦስቱ ገደማ ብቻ ነው የሚለቀው።

በቁጥር ሲታይ

የችግሩን ክብደት ለመረዳት 100,000 ፖዚትሮኖችን በሰውነት ውስጥ እንከተል። ለስሌቱ እንዲመች 40 በመቶዎቹ ፖዚትሮኒየም ይሆናሉ፣ የኦርቶው አማካይ ዕድሜም 2 ናኖ ሰከንድ ነው ብለን እንነሳ።

60,000ዎቹ በቀጥታ ይጠፋፋሉ። 10,000 ፓራ ይሆናሉ፣ 30,000 ኦርቶ። ኦርቶው በራሱ መንገድ፣ ማለትም በሦስት ፎቶን፣ የሚፈርስበት ዕድል 2 ሲካፈል ለ142 ነው፤ ይህም 1.4 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከ30,000ው 420 ያህሉ ብቻ ሦስት ፎቶን ይሰጣሉ። የቀሩት ከጎረቤት ኤሌክትሮን ጋር ስለሚጠፋፉ በአብዛኛው ሁለት ፎቶን ይሰጣሉ። ከፖዚትሮኒየም ውጭ የሚደረገው መጠፋፋትም ከ370 ጊዜ አንዴ ያህል ሦስት ፎቶን ይሰጣል፤ ከዚያ የሚመጣው 240 ገደማ ነው። ድምሩ 660 ያህል ሲሆን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

እነዚህ ገና ከሰውነት ያልወጡ ናቸው። 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፎቶን በውሃ ውስጥ በአማካይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከአንድ ኤሌክትሮን ጋር ይጋጫል። የራስ ቅል ያህል፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው የውሃ ኳስ መሐል ከተነሱ ሁለት ፎቶኖች ሁለቱም ሳይነኩ የመውጣታቸው ዕድል 15 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ዲቴክተሩን መምታት አለባቸው፤ መምታት ብቻም ሳይሆን መታወቅ አለባቸው።

በሌላ በኩል የሚፈለገው ትክክለኛነት ከፍተኛ ነው። አማካይ ዕድሜው 2 ናኖ ሰከንድ የሆነ ነገር 10,000 ጊዜ ቢለካ፣ ሌላ ምንም እንከን ሳይኖር እንኳ፣ ውጤቱ 20 ፒኮ ሰከንድ ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ስህተቱ አማካይ ዕድሜው ለልኬቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ተካፍሎ የሚገኝ ነውና። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ልኬት ያስፈልጋል። ይህም ለእያንዳንዷ የምስል ነጥብ ነው።

ሲሙሌሽኑ እንዴት ይሠራል?

መሠረቱ የሞንቴ ካርሎ ዘዴ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ በሎስ አላሞስ በስታኒስላው ኡላምና በጆን ፎን ኖይማን የተጀመረ ሲሆን ስሙን የወሰደው በቁማር ቤቶቿ ከምትታወቀው ሞንቴ ካርሎ ነው። በአማርኛ የዕጣ ስሌት ቢባል ያስኬዳል። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፖዚትሮን ዕጣ እያወጣ ታሪኩን ከልደት እስከ ሞት ይጽፋል።

መጀመሪያ አይሶቶፑ የት እንደፈረሰ ዕጣ ይወጣል። ፖዚትሮኑ ከኤሌክትሮኖች ጋር እየተጋጨ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ከፍሎሪን 18 የወጣ ፖዚትሮን በውሃ ውስጥ በአብዛኛው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይርቅም። ቀጥሎ ፖዚትሮኒየም ይሆናል ወይስ በቀጥታ ይጠፋፋል? ከሆነስ ፓራ ነው ወይስ ኦርቶ? ይህ እንደ ዘውድና ጎፈር ጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ ሳንቲሙ ሚዛናዊ አለመሆኑ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ ከ0.25 በታች ከሆነ ፓራ፣ ካልሆነ ኦርቶ።

ከዚያ ዕድሜው ይወሰናል። ቀመሩ አጭር ነው፦

የቆየበት ጊዜ = − አማካይ ዕድሜ × የተፈጥሮ ሎጋሪዝም (በዕጣ የወጣው ቁጥር)

አማካይ ዕድሜው 2 ናኖ ሰከንድ ሆኖ ዕጣው 0.5 ቢወጣ ጥንዱ 1.39 ናኖ ሰከንድ ይቆያል። 0.05 ቢወጣ 6 ናኖ ሰከንድ ይቆያል። ይህ ሚሊዮን ጊዜ ሲደገም በተፈጥሮ የሚታየው እየቀነሰ የሚሄድ ኩርባ ይወጣል።

ለሁለት ፎቶን አቅጣጫ ማውጣት ቀላል ነው፤ አንዱ በማንኛውም አቅጣጫ ይላካል፣ ሌላው በተቃራኒው። በእርግጥ ጥንዱ ሙሉ በሙሉ የቆመ ስላልሆነ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከ180 ዲግሪ ጥቂት ይዛነፋል፤ ጥሩ ሲሙሌሽን ይህንንም ይጨምራል። ሦስት ፎቶን ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። የሦስቱ ጉልበት ድምር 1022 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት መሆን አለበት፤ አንዱም ከ511 መብለጥ አይችልም፤ ሦስቱም በአንድ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ይወድቃሉ። እኩል ከተካፈሉ እያንዳንዱ 341 ያህል ይደርሰዋል፣ ማዕዘናቸውም 120 ዲግሪ ይሆናል። ግን እኩል መካፈል ግዴታ አይደለም። የትኛው አከፋፈል ምን ያህል እንደሚዘወተር ኦሬ እና ፓወል እ.ኤ.አ. በ1949 አስልተዋል። ኮምፒውተሩ በዚህ ላይ የሚጠቀመው ተቀበል ወይም ጣል የሚባለውን ስልት ነው፦ አንድ አከፋፈል በዕጣ ያወጣል፣ በኦሬና ፓወል ቀመር ክብደቱን ያሰላል፣ ከዚያ ሌላ ዕጣ አውጥቶ ክብደቱ ካለፈ ይቀበለዋል፣ ካላለፈ ጥሎ እንደገና ይሞክራል። ብዙ ሙከራ ይባክናል፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ በጥቂት መስመሮች ይጻፋል።

ፎቶኖቹ ከተነሱ በኋላ በሰውነቱና በዲቴክተሩ ውስጥ እርምጃ በእርምጃ ይከተሏቸዋል። ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭተው አቅጣጫ መቀየራቸው የኮምፕተን መበተን ይባላል፤ በየትኛው ማዕዘን እንደሚበተኑ የሚወስነው እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣው የክላይን እና ኒሺና ቀመር ነው። በመጨረሻ ሲሙሌሽኑ ፍጹም የሆነውን ውጤት ሆን ብሎ ያበላሸዋል። እውነተኛ ዲቴክተር ጊዜንና ጉልበትን በትክክል ስለማያውቅ፣ የተሰላው ቁጥር ላይ የዘፈቀደ መዛነፍ ይጨመርበታል። ይህን ደረጃ መዝለል ውጤቱ ሊገኝ ከሚችለው በላይ እንዲያምር ያደርጋል።

እውነቱ የሚታወቅበት ቦታ

በእውነተኛ ልኬት ላይ ዲቴክተሩ ሦስት ብልጭታ ካየ፣ ሦስት ፎቶን መጥቶ ይሁን አይሁን በቀጥታ ማወቅ አይቻልም። ከሁለቱ ፎቶኖች አንዱ አንድ ዲቴክተር መትቶ፣ ተበትኖ፣ ሌላ ዲቴክተር ሊመታ ይችላል። ያኔ ብልጭታው ሦስት ነው፣ ፎቶኑ ግን ሁለት። ከላይ እንደታየው እውነተኛው ሦስት ፎቶን ከመቶ አንድ ስለማይሞላ ሐሰተኛው እውነተኛውን በቀላሉ ይውጠዋል። መነሻው ፎቶንም ራሱ ችግር ይፈጥራል። በዲቴክተሩ ውስጥ ከጉልበቱ ጥቂቱን ብቻ ጥሎ ካለፈ የመጠፋፋት ፎቶን መስሎ ይታያል፣ በዚህም ሰዓቱን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ይቀላቀላል። ከሁለት የተለያዩ አቶሞች የመጡ ፎቶኖች በአጋጣሚ በአንድ ጊዜ ሲደርሱም እንዲሁ ነው፤ ይህ የአጋጣሚ ግጥጥሞሽ በጊዜው ኩርባ ሥር እንደ ወለል ይነጠፋል፣ ካልተቀነሰ ደግሞ ዕድሜውን ከእውነተኛው ያረዝመዋል።

በሲሙሌሽን ግን እያንዳንዱ ፎቶን መለያ አለው። ከየትኛው ፖዚትሮን እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደተበተነ፣ ወላጁ ፓራ ይሁን ኦርቶ ተጽፎለታል። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ ሐሰተኛውን የሚጥል ሕግ ካወጣ፣ ሕጉ ስንት ሐሰተኛ እንደጣለና ስንት እውነተኛ አብሮ እንዳጠፋ ቆጥሮ ማየት ይችላል። ለምሳሌ የመነሻው ነጥብ ከታወቀ፣ ከእውነተኛ ሦስት ፎቶኖች መካከል ያሉት ሁለቱ ትናንሽ ማዕዘኖች ድምራቸው ሁልጊዜ ከ180 ዲግሪ ይበልጣል። የተበተነ ፎቶን ያስከተለው ሦስተኛ ብልጭታ ይህን ሕግ ብዙውን ጊዜ አያሟላም። ሌላው መለያ ጊዜ ነው። ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚሄደው 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ተማሪ ማስመሪያ ያህል ነው፤ በሁለት ብልጭታዎች መካከል ያለው ጊዜ ከርቀታቸው ጋር በትክክል ከገጠመ አንዱ ፎቶን ከአንዱ ወደ ሌላው ተበትኖ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው ጥቅም ማድላትን መፈተሽ ነው። በሲሙሌሽኑ ውስጥ አማካይ ዕድሜው 2.00 ናኖ ሰከንድ ተብሎ ይገባል። የተገኘው ዳታ ልክ እንደ እውነተኛ ዳታ ሆኖ በሙሉ የትንተና ሰንሰለት ውስጥ ያልፋል። 2.00 ሳይሆን 2.07 ከወጣ ትንተናው እንዳደላ ይታወቃል። ይህን ያልፈተሸ ቡድን በሁለት ታማሚዎች መካከል 0.07 ናኖ ሰከንድ ልዩነት አገኘሁ ቢል የሚታመንበት ምክንያት የለም።

ፕሮግራሞቹ

በዚህ መስክ ዋናው መሣሪያ ጄያንት4 ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ፣ በሰርንና በሌሎች ተቋማት ትብብር የተሠራ ሲሆን የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ1998 ወጣ። ጌት የሚባለው ደግሞ በጄያንት4 ላይ ተመሥርቶ ለሕክምና ምስል የተዘጋጀ ነው፤ የሚያስተዋውቀው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ። ሁለቱም ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ያለ ክፍያም ይወርዳሉ። የጌት 10ኛ እትም በፓይተን ስለሚታዘዝ ሲ ፕላስ ፕላስ ለማያውቅ ተማሪ መግቢያው ቀሎለታል።

አንድ ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። የጄያንት4 የተለመደው የፖዚትሮን ሞዴል የቆመን ፖዚትሮን ወዲያውኑ ወደ ሁለት ፎቶን ይለውጠዋል፤ ለተለመደው ፔት ይህ ይበቃል፣ ለዕድሜ ምስል ግን አይበቃም። ስለዚህ የፖዚትሮኒየም ሞዴል ለብቻው መጨመር አስፈልጓል። በጌት ውስጥ ካሉት አማራጮች አንዱ ፖዚትሮኑን ዘልሎ የፓራ ወይም የኦርቶ ፎቶኖችን ከነመነሻው ፎቶን በቀጥታ ማስነሳት ነው።

ሥራው ለብዙ ኮምፒውተሮች ለመከፋፈል የተመቸ ነው፣ አንዱ ፖዚትሮን ሌላውን አይጠብቅምና። ሆኖም የዕጣ ቁጥሮቹ በእውነት ዕጣ አይደሉም፤ ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስተው በስሌት የሚወጡ ናቸው። መቶ ኮምፒውተሮች በአንድ ዓይነት መነሻ ቁጥር ከተነሱ መቶ ጊዜ ያንኑ ዳታ ይሰጣሉ። ፋይሉ ይገዝፋል፣ መረጃው ግን አይጨምርም፤ ኩርባውም ያለ አግባብ እርግጠኛ መስሎ ይታያል።

ከሲሙሌሽን ወደ ታማሚ

በዚህ ምርምር በይበልጥ የሚታወቀው በፖላንድ ክራኮው በሚገኘው ያጌሎኒያን ዩኒቨርሲቲ በፓቬው ሞስካል የሚመራው የጄ-ፔት ቡድን ነው። መሣሪያቸው እንደተለመደው ፔት ውድ ክሪስታል ሳይሆን ጨረር ሲመታው ብልጭ የሚል ፕላስቲክ ይጠቀማል። አንደኛው እትም 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው 192 የፕላስቲክ ዘንጎች በሦስት ረድፍ ክብ ሠርተው የተደረደሩበት ነው። ፕላስቲክ ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ፎቶኑን ሙሉ በሙሉ አይውጠውም፤ ከ511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ፎቶን ቢበዛ 341 ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። በዚህ የተነሳ የፎቶኑን ማንነት በጉልበቱ ብቻ መለየት ስለማይቻል የመሣሪያው አሠራር ገና ከጅምሩ በሲሙሌሽን ላይ ተደግፏል።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያውን የፖዚትሮኒየም ምስል አሳተመ። ምስሉ የተነሳው ከታማሚዎች ተቆርጦ ከወጣ የልብ ዕጢና ከስብ ሲሆን በስቡ ውስጥ ዕድሜው ከዕጢው የበለጠ ረዝሞ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በሕይወት ካለ ሰው አንጎል የተነሳ ምስል ወጣ። የአንጎል ዕጢ የነበረበት ታማሚ ሲሆን አይሶቶፑ ጋሊየም 68 ነበር። በዕጢው ውስጥ የተለካው ዕድሜ ከጤናማው የአንጎል ክፍል አጠር ብሎ ተገኝቷል። አንድ ታማሚ ግን አንድ ታማሚ ነው፤ ልዩነቱ በሌሎችም ይታይ እንደሆነ የሚለየው በብዙ ሰዎች ላይ በሚደረግ ልኬት ነው።

ገደቡ

ሲሙሌሽኑ የሚመልሰው ያስገቡበትን ነው። ጌትም ሆነ ጄያንት4 በጉበት ወይም በዕጢ ውስጥ የኦርቶው ዕድሜ ስንት እንደሆነ አይነግሩም፤ ቁጥሩን ተጠቃሚው ራሱ ይሰጣል፣ ፕሮግራሙ ያንን ዕድሜ ዲቴክተሩ እንዴት እንደሚያየው ብቻ ያሰላል። ፖዚትሮኒየም የሚሆነው ድርሻም እንዲሁ ከሙከራ ተለክቶ የሚገባ ነው። ስለዚህ በሲሙሌሽን የተሠራ ምስል ላይ ዕጢው ከጤናማው ክፍል በግልጽ ተለይቶ ሲታይ፣ ምስሉ የሚያስረዳው ልዩነቱ ካለ መሣሪያው ሊያየው እንደሚችል ነው። ልዩነቱ በእርግጥ መኖሩን የሚያሳየው በሕብረ ሕዋስ ናሙናዎች ላይ የሚደረገው ልኬት ነው፤ ይህ ደግሞ ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በኋላ ባለው ሙቀት፣ በውሃና በኦክስጅን መጠኑ የሚለዋወጥ ስለሆነ ቁጥሮቹን ሳይመረምሩ ወደ ሲሙሌሽኑ መገልበጥ አይቻልም።